ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ ያየኋቸው እትዬ ላን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዴክላን የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ማመልከቻዬ ላይ «ሮማን» የሚል ስም አይቶ ወንድ ይመጣል ብሎ ነው የጠበቀው። እንግሊዞች ዘንድ ሮማን የወንድ ስም ነው፤ እኛ ጋ የፍሬ ስም መሆኑን ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም። «እኔ ነኝ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ስፒከር ማንሳት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱን ጎን ይዤ አነሳሁ፤ ሌላውን ጎን እሱ ያዘ። ቃለ መጠይቁ በዚሁ አለቀ።

መጋዘኑ ለንደን ውስጥ፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ከአንድ ምንጣፍ ቤት ጀርባ ነበር። ዴክላን ከአየርላንድ የመጣ አርችዌይ የሚኖር ሰው ነው። የድምፅ መሣሪያ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤና ለማኅበር ግብዣ ያከራያል፤ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውም ራሱ ነው። እኔ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ረዳት ማለት ሣጥን ተሸካሚና ኬብል ጠቅላይ ማለት ነው።

ኬብል መጠቅለል ቀላል ይመስላል። በክርንና በመዳፍ መሀል እንደ ጠፍር ከጠቀለሉት ውስጡ ያለው ሽቦ ይጠማዘዝና ይበጠሳል። አንዱን ዙር በቀጥታ፣ ቀጣዩን ዙር በግልባጭ እያደረጉ ነው የሚሰበሰበው። ዴክላን አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኝ። ሁለተኛ ስጠይቀው፣ የጠቀለለውን ፈትቶ ወረወረልኝና ወደ ቫኑ ሄደ።

በዚያው ቀን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ወደሚገኝ አንድ አዳራሽ ሄድን። ከማሌዥያ የመጡ ቻይናውያን የምሳ ግብዣ ነበራቸው። መሣሪያውን ዘርግተን ስንጨርስ አንዲት አጭር ሴትዮ፣ በክረምት ካፖርት ላይ ስካርፍ ጠምጥመው፣ የመድረክ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ከአውቶቡስ ወርደው መጡ። ዴክላንን ሰላም ብለው «በቀኝ በኩል» አሉት። ሞኒተሩን ማለታቸው ነው። ሞኒተር የምንለው፣ ዘፋኙ ራሱን እንዲሰማ ወደ እሱ ዞሮ እግሩ ሥር የሚቀመጠውን ስፒከር ነው። ዴክላን ምንም ሳይጠይቅ ወደ ቀኝ አዛወረው።

ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ለሙከራ ዘፈኑ።

የዘፈኑበት ቋንቋ ሆክየን ይባላል። መነሻው ደቡብ ቻይና ነው፤ መርከበኛና ነጋዴ ይዞት ሄዶ በየደሴቱ ተናኝቷል። እኔ ያን ጊዜ ስሙንም አላውቅም። አንድም ቃል አልገባኝም። ቅኝቱ ግን ትዝታ ነበር፤ ያውም ሐዘን የሚበዛበት፣ ድምፁ ወርዶ ወርዶ እንደገና የሚነሳው ዓይነት። የተረፈ ኬብል እየሰበሰብኩ ሳላስበው አብሬ አንጎራጎርኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሴትዮዋ ከመድረክ ወርደው ወደ እኔ መጡ።

«ሆክየን ትችያለሽ?» አሉኝ።

«አልችልም።»

«ታዲያ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ማን ነገረሽ? እኔ ሳልደርስ ቀድመሽኝ ትደርሻለሽ።»

አገሬ እንዲህ ያለ ቅኝት እንዳለ ነገርኳቸው። እስቲ አሉኝ። ጠረጴዛ በሚያዘጋጁት አስተናጋጆች ፊት አፍሬ አንድ ስንኝ አዜምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ዘመዶቻችን ናቸው» አሉ። እንደዚህ ነው የተዋወቅነው።

ስማቸው ቢ ላን ነው። የአገራቸው ሰው ሁሉ «አንቲ ላን» ይላቸዋል፤ አክስት ማለት ነው፣ ባይወልዱትም። እኔ ስለ እሳቸው በአማርኛ ሳወራ እትዬ ላን እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ትርጉሙን ጠይቀውኝ ስነግራቸው ከአንቲው ይሻላል ብለው ተቀበሉት።

ከዚያ በኋላ በቫን ስንት ጊዜ አብረን እንደሄድን አላስታውስም። ሠርግ፣ የልደት በዓል፣ የምግብ ቤት ምረቃ። ዴክላን ይነዳል፣ እሳቸው መሀል ይቀመጣሉ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። ሕይወታቸውን የሰማሁት በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ነው።

የተወለዱት ፔናንግ በምትባል ደሴት፣ ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነው። አባታቸው በጀልባ ሰው ያሻግሩ ነበር። እዚያ አገር በዓመት አንድ ወር የሞቱት ሰዎች ነፍስ ወደ ሰፈር ትመለሳለች ተብሎ ይታመናል። በዚያ ወር በየአደባባዩ መድረክ ተሠርቶ ዘፈን ይዘፈናል። የፊተኛው የወንበር ረድፍ ለሙታን ስለሆነ ማንም አይቀመጥበትም። እትዬ ላን ሕፃን ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ ሲወጡ ባዶውን ረድፍ አይተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዲት ነባር ዘፋኝ ግን በጆሯቸው «እነሱን እያየሽ ዝፈኚ፤ የሞተ ሰው አይሰድብም» አለቻቸው።

በወጣትነታቸው ካሴት አወጡ። ድምፃቸው ከየሻይ ቤቱና ከየአውቶቡሱ ይሰማ ጀመር። ያኔ አንድ የካሴት አሳታሚ በማንዳሪን እንዲዘፍኑ መከራቸው። ማንዳሪን የተማረው ሰው ቋንቋ ነው፣ ሆክየን የገበያ ቋንቋ ነው፣ ከገበያ ውጪ ሩቅ አያደርስሽም አላቸው። እሳቸውም እናታቸው ዓሣ የምትሸጠው ገበያ ውስጥ እንደሆነና ማንዳሪን እንደማትሰማ ነገሩት። አሳታሚው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በሆክየን ቀጠሉ።

ከዚያ አንድ የመርከብ ምግብ አብሳይ አገቡና ተከትለውት ለንደን መጡ። እዚህ ማንም አያውቃቸውም። የመድረክ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ ስለነበር አርችዌይ አንድ ልብስ ማስተካከያ ቤት ገብተው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ያዙ። እሁድ እሁድ ይዘፍናሉ። ባላቸው ሲሞት ልጃቸው ጃኔት ገና ትምህርት ቤት ነበረች። «ሐዘኑን ስፌት ላይ ጨረስኩት፤ መድረክ ላይ አላለቀስኩም» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። ኩራት ነው የነበረው።

እኔም በሥራዬ አደግሁ። ከረዳትነት የመድረኩን ሞኒተር ወደ ማስተካከል፣ ከዚያ ድምፁን ሁሉ ቀላቅሎ አዳራሹን የሚያሰማውን ትልቁን ሚክሰር ወደ መያዝ። አዳራሽ ስገባ ባለሙያው የት አለ ብለው የሚጠይቁኝ ነበሩ። እኔ ነኝ እላለሁ፤ ድምፁን ሲሰሙ ጥያቄው ይቆማል። ዴክላን ጀርባውን ሲያመው መጋዘኑን ዘጋ። እኔ አሮጌውን ቫን ገዝቼ የራሴ ቀጣሪ ሆንኩ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እትዬ ላን ናቸው።

ኮንሰርቱ የመጣው ሳንጠብቀው ነው። ማሌዥያና ታይዋን ያሉ ወጣቶች ከወላጆቻቸው ሣጥን የእትዬ ላንን ካሴት አውጥተው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። እየጨፈሩበት፣ እየዘፈኑበት ተሠራጨ። ለንደን ያሉ ተማሪዎች ዘፋኟ እዚሁ ሆሎዌይ እንደሚኖሩ ሲሰሙ ማመን አቃታቸው። የአካባቢ መስተዳድር ቤቶች ጽሕፈት ቤት ትሠራ የነበረችው ጃኔት ፈቃድ ወስዳ ሥራ አስኪያጃቸው ሆነች። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ካሉት ሁሉ የሚተልቅ አዳራሽ ለእሁድ ከሰዓት ተያዘ። እትዬ ላን ያን ያህል ሰው ፊት ከፔናንግ ከወጡ ወዲህ ዘፍነው አያውቁም።

ልምምዱ ግን አላማረም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሻክራል። ውሃ ይጠጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ተመልሰው ይሞክራሉ፤ ያው ነው። ሙዚቀኞቹ መሬት መሬት ያያሉ። ጃኔት ከመድረኩ ሥር እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። ከልምምዱ በኋላ ቫኑ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ሮማን፣ የድሮው ካሴት ድምፅ በኮምፒውተር ጸድቶ ተዘጋጅቷል» አለችኝ። «ሚክሰሩ ላይ አስገቢው። ድምፅዋ ሲከዳት የእሷን ዝቅ፣ የካሴቱን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ማንም አያውቅም።»

«እሳቸውስ?»

«እሷም ማወቅ የለባትም። ሰው ፊት ስትዋረድ ማየት አልችልም።»

ክፋት አልነበረባትም። እናቷን ስለምትወድ ነው። ይህ ዘዴ በሙያችን አዲስ እንዳልሆነ፣ ዘፋኙ ከተስማማ እኔም እንደምሠራው ነገርኳት። ዘፋኙ ሳያውቅ ግን የሰውን ድምፅ በሌላ ድምፅ አልተካም አልኳት። ጃኔት ተቆጣች። ሌላ ባለሙያ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። መብትሽ ነው አልኳትና መሣሪያዬን ጭኜ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ያንን ሥራ እፈልገው ነበር። እንዲህ ያለ አዳራሽ ላይ ስሜ ያለበት ሥራ አግኝቼ አላውቅም። ቢሆንም መንገድ ላይ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሴትዮ ሠርግ ላይ ረጅም ሰዓት ሲዘፍኑ ጉሮሯቸው ተዘግቶ አያውቅም። አሁን ምን ተለወጠ? መድረኩን በሐሳቤ ዘረጋሁት። ፒያኖው በቀኝ ስለገባ ሞኒተሩ ወደ ግራ ሄዷል። ያን ያዘዘው የአዳራሹ ሰው ነው፤ እሳቸውም አስቸገሩ እንዳይባሉ ሳይቃወሙ ተቀብለዋል። በልምምዱ ሁሉ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ነበር። ራሱን የማይሰማ ሰው ይጮኻል። የሚጮኽ ጉሮሮ ደግሞ ይሻክራል።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሆሎዌይ ከሚገኙት የመስተዳድሩ የኪራይ ፎቆች በአንዱ ነው የሚኖሩት። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር አለች። ሻይ እየቀዱ ሳለ በግራቸው ቆሜ በቀስታ «እትዬ ላን» አልኩ። አልዞሩም። ወደ ቀኝ ዞሬ ደገምኩት። ኩባያውን አስቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አሉኝ።

«ከትናንት።»

በሩን ዘጉት። ጃኔት ውስጥ ክፍል ነበረች። የግራ ጆሯቸው በልጅነታቸው ታሞ እንደጠፋ፣ አንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማላትን ዘፋኝ ማንም አይፈልግም ብለው ለአሳታሚም ለባልም ሳይናገሩ እንደኖሩ ነገሩኝ። አሁን ደግሞ ደህናው ጆሮ እየደከመ ነበር።

«ለጃኔት እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ታስቀረኛለች።»

እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ። «እትዬ፣ ትናንት ልጅዎ እርስዎ የማያውቁትን ነገር እንድሠራ ጠየቀችኝ። ዛሬ እርስዎ እሷ የማታውቀውን እንድይዝ ይጠይቁኛል። እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ የእናትና የልጅ ምሥጢር ማስቀመጫ ልሆን አልችልም። የእሷን ራሷ ትንገርዎ። የእርስዎን እርስዎ ይንገሯት።»

ከዚያ እትዬ ላን ልጃቸውን በሆክየን ጠሯት። እንድሄድ ተነሣሁ፤ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ። ጃኔት ስታድግ ሆክየን ትታ ስለነበር እናቷ በሆክየን፣ እሷ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ያለቀሰችው ጃኔት ነች። የካሴቱን ነገርም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

እትዬ ላን አልተቆጡም። ካሴቱን አሰሚኝ አሉ። ጃኔት በስልኳ ከፈተችው። ባሏ ባሕር ወጥቶ የምትጠብቅ ሴት ዘፈን ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ። እትዬ ላን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። «ነገር ግን ማንንም ቀብራ አታውቅም። ባሏን የምትጠብቀው አውቶቡስ እንደምትጠብቅ አድርጋ ነው። እኔ በዚህች ልጅ አልተካም።»

ጃኔት እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን።

መጀመሪያ ጃኔት እናቷን ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣቸው። ዘፈኖቹን ከሙዚቀኞቹ ጋር ሆነን ዝቅ ወዳለ ድምፅ አወረድናቸው። በልጅነት የተዘፈነ ዘፈን ሲወርድ የሚያፍሩ ዘፋኞች አሉ፤ እትዬ ላን ግን ጉሮሮዬም እንደ ልብስ ነው፣ ሲለወጥ ይስተካከላል አሉ። እኔ የጆሮ ሞኒተር አመጣሁ። በሬድዮ የሚሠራ፣ የዘፋኙን ድምፅ ቀጥታ ጆሮው ውስጥ የሚያደርስ ትንሽ ነገር ነው። ለመድረክ የመስሚያ መሣሪያውን አውጥተው እሱን ያስገባሉ። መጀመሪያ ጠሉት፤ ውሃ ውስጥ ሆኜ የምዘፍን መሰለኝ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ሰቅዬ የሕዝቡን ድምፅ ትንሽ ቀላቀልኩላቸው። ያኔ ተቀበሉት። ፒያኖውን ወደ ግራ አስወሰድኩት፤ የወለሉንም ሞኒተር ለመጠባበቂያ በቀኛቸው አኖርኩ። ልምምዱን ሁሉ ዘፍነው ሲጨርሱ ድምፃቸው ንጹሕ ነበር። ጃኔት ሌላ ባለሙያ ስለመፈለግ ዳግመኛ አላነሳችም።

አንድ ክርክር ብቻ ቀረ። ቀኑ የዋለው በአገራቸው የሙታን ወር ውስጥ ነው፤ እትዬ ላን የፊተኛው ረድፍ ባዶ ይሁን አሉ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ግን ያንን ረድፍ ለክብር እንግዶች ይዞታል። ባዶ ረድፍ በቪዲዮ ሲታይ ሰው ያልመጣ ያስመስላል ብሎ ተከራከረ። ጃኔት፣ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለውን እምነት ስታቃልል የነበረችው ጃኔት፣ አባቴ የሚቀመጥበት ነው ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ተስማማ። እንግዶቹ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ሽማግሎቹ በጊዜ መጥተው ተቀመጡ፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ። እትዬ ላን ራሳቸው የሰፉትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ሙታኑን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ቀጥሎ ሕያዋኑን። ዘፈኑ ሲጀመር ከወጣቶቹ መሀል የካሴቱን ቀጭን ድምፅ የጠበቁ ስልካቸውን ዝቅ አድርገው ተያዩ። ይህ ድምፅ ወፍራም ነው፤ እዚህም እዚያም ጠባሳ አለው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማንም አይናገርም ነበር።

ባሏን ከባሕር የምትጠብቀው ሴት ዘፈን መሀል ላይ የጆሮ ሞኒተሩ ሬድዮ ተቋረጠ። እትዬ ላን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሱ አየሁ። ጃኔት አጠገቤ ነበረች፤ እሷም አየች፤ ክንዴን ጨበጠችው። በቀኝ ያለውን የወለል ሞኒተር ከፍ አደረግሁ። ሰው ሳይደነግጥ ቀስ እያልኩ። እትዬ ላን የሞተውን ሞኒተር ከጆሯቸው አውጥተው ወደ ቀኝ ተራመዱ። የጫማቸውን ጫፍ ስፒከሩ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ድምፁ ከእንጨቱ ወደ እግራቸው፣ ከአየሩ ወደ ደህናው ጆሯቸው ሲገባ ትከሻቸው ረገብ አለ። አንድም ስንኝ አላጎደሉም። ሕዝቡ ይህን የመድረክ አቋቋም ነው ያለው፤ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ልጆች ስፒከር ላይ እግራቸውን እያደረጉ ሲኮርጁት አይቻለሁ።

ጃኔት ክንዴን ለቀቀች። ዞር ብዬ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሆክየን አልችልም ስትል የኖረችው ልጅ ከእናቷ ጋር ቃል በቃል ትዘፍን ነበር።

«ስፌት ስትሰፋ የምታንጎራጉረው ነው» አለችኝ። «ለካ ሁሉንም አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ኮንሰርት በኋላ ሌሎች መጡ። እትዬ ላን ወደ ፔናንግ ተመልሰው በሙታን ወር መድረክ ላይ ዘፈኑ፤ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ሚክሰሩን ያዝኩ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ልክ እንደ ዴክላን ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ኬብል አቀበሉኝ። አዲሱን አልበም የቀረጽነው ግን ሆሎዌይ፣ የእሳቸው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። የቁም ሣጥኑን ከፍተን ካፖርቶቹን በዙሪያቸው ሰቀልን፤ ጨርቅ ድምፅን ስለሚውጥ ክፍሉ አያስተጋባም። ጎረቤት በር ሲዘጋ እናቆማለን፣ ዝም ሲል እንቀጥላለን። ሁሉም ዘፈን በሆክየን ነው።

አሁን የመስሚያ መሣሪያቸውን ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያሳዩታል። የሚዘፍኑት ደስ ሲላቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቀምጠው። ከአዲስ ቦታ የሥራ ጥሪ ሲመጣ ጃኔት መጀመሪያ የምትጽፈው መድረኩ ላይ ማን የት እንደሚቆም ነው።

እኔ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ኮሌጅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ትልቁን ሚክሰር ቶሎ መንካት ይፈልጋሉ፤ አዳራሹ ሲጮህ መስማት ደስ ይላል። እኔ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ዘፋኙ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ዘፋኙ የሚሰማውን እንዲሰሙ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የሚስተካከለው የመድረኩ ድምፅ ነው፤ የአዳራሹ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ራሱን የሚሰማ ዘፋኝ ሌላው ይሰማዋል።